ለአሮጌ አርኬድ ማሽን ባለብዙ ጨዋታ ቦርድ መግዛት፣ መግጠምና ማቆየት

ባለብዙ ጨዋታ ቦርድ (ብዙ ጨዋታዎችን የያዘና ማሽኑን የሚያስኬድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። የ1980ዎቹ ካቢኔ፣ ማለትም የማሽኑ ሳጥን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከነሽቦው፣ ከነሞኒተሩና ከነኦሪጅናል ቦርዱ ግን አንዴ ከተበላሸ መተኪያው የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ገና ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሕግ ያዙ፦ የምትገጥሙት ማንኛውም ነገር ነገ በአንድ ካቻቢቴ ተፈትቶ ማሽኑ እንደ ድሮው መቆም መቻል አለበት። የፋብሪካ ሽቦ አይቆረጥም፣ ጣውላው አይበሳም፣ ኦሪጅናል ቦርዱም አይሸጥም።

1. መጀመሪያ ካቢኔውን እዩ

ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉና የጀርባውን በር ክፈቱ። የሞኒተሩን አንገትና ቱቦው ላይ የተለጠፈውን የጎማ ቆብ አትንኩ። ባለቀለም 19 ኢንች ቱቦ ሲሠራ እዚያ ጋ 20 ሺህ ቮልት ገደማ አለ፤ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ቻርጁ ሊቆይ ይችላል። ደግነቱ ቦርድ ለመቀየር እጃችሁን ወደዚያ የሚያደርስ ሥራ የለም።

የምትፈልጉት የካቢኔው ሽቦዎች ተሰብስበው ቦርዱ ጠርዝ ላይ የሚሰኩበትን ረጅም ሶኬት ነው። የቦርዱን የመዳብ ጥርሶች ቁጠሩ። በአንድ ፊት 28፣ በሁለቱ ፊት 56 ከሆኑና በጥርስና ጥርስ መካከል 3.96 ሚሊሜትር ካለ ጃማ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጃማ በ1985 በጃፓን የወጣ የሽቦ ደረጃ ነው፤ አብዛኛው ባለብዙ ጨዋታ ቦርድ የሚሠራው ለእሱ ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ማሽን ጃማ የሚሆነው አንድ ሰው በኋላ ሽቦውን ከቀየረው ብቻ ነው፤ ደግሞም የሚቀይሩት ሁሉ በትክክል አይቀይሩም። 56 ጥርስ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ፤ በመልቲሜትር አረጋግጡ። ጥርስ 1፣ 2፣ 27 እና 28 በሁለቱም ፊት ግራውንድ (የሁሉም ቮልት መመለሻ መስመር) ናቸው። 3 እና 4 +5 ቮልት፣ 5 ደግሞ −5 ቮልት፣ 6 ደግሞ +12 ቮልት ነው። 7ኛው ቦታ ባዶ ነው፤ እዚያ የሚገባው ትንሽ ፕላስቲክ ሶኬቱ ተገልብጦ እንዳይሰካ ይከለክላል።

ይህን ፕላስቲክ ልብ በሉት። ብዙ ጊዜ ወድቆ ጠፍቶ ይገኛል። ሶኬቱ ተገልብጦ ሲሰካ ግራውንዱ በሁለቱም ጫፍ ስላለ ግራውንድ ላይ ያርፋል፤ 12 ቮልቱ ግን ቀጥ ብሎ 23ኛው ጥርስ ላይ፣ ማለትም የሁለተኛው ቁልፍ መስመር ላይ ይወጣል። ያ መስመር የሚያውቀው 5 ቮልት ብቻ ነው። ቦርዱ ተርፎ ቢነሳ እንኳ ቁልፉ አይሠራም። ፕላስቲኩ ከሌለ ሌላ ግጠሙ፤ እስኪገኝ ድረስ ቺፖቹ ያሉበት ፊት የሚውልበትን የሶኬቱን ጎን በደማቅ ቀለም ምልክት አድርጉበት።

ከጃማ ውጭ ያሉት ካቢኔዎች አስማሚ (የካቢኔውን ሶኬት ከጃማ ቦርድ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር) ይፈልጋሉ፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚቃጠለው። ፓክማን (1980) 44 ጥርስ አለው፤ ከትራንስፎርመሩ የሚመጣውም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወይም ኤሲ ነው፤ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ወይም ዲሲ የሚቀይረው ራሱ ኦሪጅናል ቦርዱ ነው። ጥርስን ከጥርስ ብቻ የሚያገናኝ ርካሽ አስማሚ ያንን ኤሲ እንዳለ ለአዲሱ ቦርድ ያቀብለዋል፤ ቦርዱም በዚያው ቅጽበት አለቀ። አስማሚው በላዩ ላይ ኤሲውን ወደ 5 ቮልት ዲሲ የሚቀይር ክፍል ያለው መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፤ ከሌለው ራሱን የቻለ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ዲሲ የሚቀይር ኃይል ሰጪ) ጨምሩ።

የኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ (1981) ችግሩ ሌላ ነው። ውስጡ ያለው የሳንዮ ሞኒተር የቀለም ምልክቱን ተገልብጦ ነው የሚጠብቀው፤ ተራ ቦርድ ስትሰኩበት ምስሉ እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ይወጣል። የድምፅ ማጉያውም ቦርዱ ላይ ሳይሆን ከሞኒተሩ ጋር ነው። ስለዚህ ቀለም የሚገለብጥና ለኒንቴንዶ ተብሎ የተሠራ አስማሚ ያስፈልጋል። አስትሮይድስ (1979) እና ቴምፔስት (1981) ደግሞ ቬክተር ሞኒተር ነው ያላቸው፤ ምስሉን በመስመር የሚስል እንጂ ከላይ እስከ ታች የሚጠርግ ስላልሆነ ተራ ባለብዙ ጨዋታ ቦርድ በምንም አስማሚ አይነዳውም።

በመጨረሻ ቱቦው ቆሞ ነው ወይስ ተጋድሞ? የፓክማን፣ የጋላጋና የዶንኪ ኮንግ ዘመን ጨዋታዎች ለቆመ ሞኒተር የተሠሩ ናቸው፤ በኋላ የመጡት የድብድብ ጨዋታዎች ለተጋደመ። ሁለቱንም እንሠራለን የሚሉ ቦርዶች ግማሹን ጨዋታ ጨምቀው በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያሳዩአችኋል።

2. የትኛው ዓይነት?

በገበያው ላይ በብዛት የሚታየው 60 በ1 ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ቦርድ ነው። እሱና ቀዳሚዎቹ 39 በ1 እና 48 በ1 ፒኤክስኤ255 በሚባል የአርም ፕሮሰሰር ጨዋታዎቹን በኢሙሌሽን፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም ያስኬዳሉ። ለቆመ ሞኒተር የተዘጋጀ ነው፣ ትንሽ ኃይል ይበላል፣ −5 ቮልት አይፈልግም። ለቤተሰብና ለእንግዳ ይበቃል። የኦሪጅናሉን ድምፅ ጆሯቸው የለመደ፣ ወይም ነጥብ ለመስበር የሚጫወቱ ሰዎች ግን አይረኩበትም፤ የድምፁ ልዩነትና የጆይስቲኩ መዘግየት ይሰማቸዋል። ሌላው ነገር፣ እነዚህ ርካሽ ቦርዶች ከጨዋታዎቹ ባለመብቶች ፈቃድ ሳይኖራቸው የሚመረቱ ናቸው። የጨዋታው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ ጥራቱ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ሺህ ጨዋታ አለው የሚል ቦርድ ውስጥ ያንኑ ጨዋታ በአራት ስም ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ወገን በኤፍፒጂኤ (ውስጡ እንደተፈለገ እንደገና በሚዋቀር ቺፕ) የሚሠራው ነው። ፕሮግራም ጨዋታውን ከማስመሰል ይልቅ የድሮው ሰርኪዩት ራሱ በአንድ ቺፕ ውስጥ እንደገና ይሠራል። መዘግየቱ ኢምንት ነው፣ ዋጋው ከፍ ይላል።

ሦስተኛው ኦሪጅናል ሃርድዌር ላይ የሚሰካ ባለብዙ ጨዋታ ካርትሪጅ (ጨዋታ የያዘ ተሰኪ ሳጥን) ነው። የኤስኤንኬ ኒኦ ጂኦ ኤምቪኤስ (1990) ሲፈጠርም ካርትሪጅ የሚቀያየርበት ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ግን ርካሾቹን 161 በ1 ካርትሪጆች በጥንቃቄ እዩ። የብዙዎቹ ጠርዝ ተሞርዶ ስላልሰላ ሲገቡ የማዘርቦርዱን የሶኬት ምላሶች ያጎብጣሉ፤ ውስጣቸውም በ3.3 ቮልት መሥራት የሚገባቸው ቺፖች 5 ቮልት እየተሰጣቸው ይሠራሉ። ካርትሪጁ ይቃጠል፣ ግድ የለም፤ የሶኬቱ ምላስ ግን አይታደስም። ለሲፒኤስ-2 (የካፕኮም ኩባንያ የጨዋታ ቦርድ) የሚሠሩ ኪቶች ደግሞ የጨዋታ ቺፖቹን አውልቃችሁ በቦታቸው የምትገጥሟቸው ናቸው። ለዚህ የሚሠራ ብርቅ ጨዋታ አታርዱ፤ የሞተ ወይም በየቦታው የሚገኝ ጨዋታ ይበቃል፤ የወለቁትንም ቺፖች የነበሩበትን ቦታ ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ።

በፋብሪካ የወጡ ባለብዙ ጨዋታዎችም አሉ፦ የኒንቴንዶ ፕሌይቾይስ-10 (1986)፣ ሚስ ፓክማንንና ጋላጋን አንድ ላይ የያዘው የናምኮው የ2001 ማሽን። እነዚህ ራሳቸው ታሪክ ስለሆኑ አያያዛቸው እንደ ኦሪጅናል ቦርድ ነው።

3. ስትገዙ

ከሻጩ የሚያስፈልጋችሁ አራት ነገር ነው። የቦርዱ የሁለቱም ፊት ጥርት ያለ ፎቶ፤ የጥርሶቹ የቅርብ ፎቶ፤ ቦርዱ ጠፍቶ ከቀዘቀዘበት ተነስቶ እስከ ጨዋታ የሚደርስ ያልተቆረጠ ቪዲዮ፤ እና የሽቦ አቀማመጥ ወረቀቱ። ወረቀት የሌለው ቦርድ ርካሽ ቢሆንም አይወሰድ፤ ዲፕ ስዊቾቹ (ቦርዱ ላይ ያሉ ጥቃቅን የማስተካከያ ማብሪያዎች) ምን እንደሚያደርጉ በግምት ስትሞክሩ ሞኒተር ታቃጥላላችሁ።

ፎቶው ላይ 3ኛውና 4ኛው ጥርስ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ካያችሁ ቦርዱ በላላ ሶኬት ብዙ ሠርቷል ማለት ነው። ባትሪ ባለበት አካባቢ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ባትሪው አፍስሷል፤ ከላይ የምታዩት ጥቂት ቢሆንም ብረት የሚበላው ፈሳሽ በመዳቡ መስመር ሥር ርቆ ሊሄድ ይችላል። «አልተሞከረም» የሚል ያገለገለ ቦርድ ሲገጥማችሁ ዋጋውን እንደተበላሸ አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ መሞከሪያ ያለው ሻጭ የሚሠራውን ቦርድ ሞክሮ በውድ ነው የሚሸጠው።

4. ኤሌክትሪክ ከመልቀቃችሁ በፊት

ሀ. ቦርዱ ሳይሰካ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በ+5 ቮልት ጥርስና በግራውንድ መካከል ለኩ። ዜሮ ወይም ከአንድ ኦም በታች ካሳየ ሾርት አለ፤ አትሰኩት።

ለ. የካቢኔውን ሶኬት አጽዱ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ ጨርቅ በቀጭን ካርቶን ላይ ጠቅልሉና አስገቡ፣ አውጡ። የቦርዱን ጥርስ በነጭ ላጲስ በቀስታ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን ጠርጉ፣ በአልኮል ጨርሱ። ብርጭቆ ወረቀት አይነካም፤ የላዩን ስስ ንጣፍ ልጦ መዳቡን ለዝገት ያጋልጠዋል።

ሐ. አሮጌውን ቦርድ ነቅላችሁ፣ አዲሱን ከመሰካታችሁ በፊት ማሽኑን አብሩና በሶኬቱ ላይ ቮልቱን ለኩ። እዚህ የምትፈልጉት የ+5፣ የ+12 እና የግራውንዱ ቦታ ትክክል መሆኑን ነው። ቦርድ ሳይኖር የሚነበበው ቮልት ብዙም አያስተማምንም፤ አንዳንድ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ካልያዘ ልክ አይሰጥም።

መ. አጥፉ፣ ቦርዱን ሰኩ፣ አብሩ። አሁን +5ን ቦርዱ ላይ ለኩ፤ ፓወር ሰፕላዩ ላይ አይደለም። ከ5.00 እስከ 5.10 ባለው መካከል ይሁን። ከ4.75 በታች ሲወርድ ቦርዱ በራሱ እየጠፋ ይበራል፣ ምስሉ ይዘበራረቃል፣ ጨዋታ ሲመረጥ ይቆማል። ብዙ ሰው «ቦርዱ ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንየው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 5.12፣ ቦርዱ ላይ 4.68 አነበባችሁ እንበል። በመንገድ ላይ 0.44 ቮልት ጠፍቷል። በጣም የሚያጓጓው መፍትሔ የፓወር ሰፕላዩን ትንሽ ብሎን አዙሮ ቮልቱን ከፍ ማድረግ ነው፤ ግን አታድርጉት። የጠፋው ቮልት በላላው ወይም በዛገው ጥርስ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የቀረው፤ ስትጨምሩ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ጥርሱም ይከስላል። አንድ ቀን ሶኬቱ ነካ ተደርጎ ግንኙነቱ ሲስተካከል ደግሞ ቦርዱ ከሚችለው በላይ ይቀበላል። መጀመሪያ ጥቁሩን ዘንግ ቦርዱ ግራውንድ ላይ እንዳለ ቀዩን ከጥርሱ ወደ ሶኬቱ ሽቦ፣ ከዚያ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ብሎን እያሻገራችሁ ለኩ፤ ቮልቱ የሚዘልበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። የ+5 መስመር ላይ ምንም ካልተገኘ የግራውንዱን መስመር በተመሳሳይ መንገድ ለኩ፤ በግራውንድ በኩል የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለ+5 አራት፣ ለግራውንድ ስምንት ጥርስ የተሰጠው በከንቱ አይደለም፤ ሁሉም ሽቦ ሊኖራቸው ይገባል። ርካሽ ሃርነስ (ከሶኬቱ ጋር የሚመጣው የሽቦ ጥቅል) አንድ አንድ ብቻ ይሰጣቸዋል።

5. ምስሉ

አሮጌው የአርኬድ ሞኒተር በአብዛኛው 15 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ 15 ሺህ ገደማ አግድም መስመር ይስላል ማለት ነው። 60 በ1ና መሰሎቹ 31 ኪሎ ኸርዝ የኮምፒውተር ምስልም ያወጣሉ፤ ምርጫው በዲፕ ስዊች ነው። ስዊቹን በወረቀቱ መሠረት 15 ላይ አድርጉ፣ ይህንንም ሳይበራ ነው የምታደርጉት። ሞኒተሩ ስትከፍቱት ከፍ ያለ ፉጨት ካሰማና ምስሉ ተደራርቦ ከተቀደደ ወዲያው አጥፉ፤ የ31 ምልክት ነው የገባው፣ ቢቆይ የሞኒተሩን የአግድም ትራንዚስተር ይጎዳል።

አንድ ቀለም ከጠፋ ገመዱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ጥርሱን እዩ፦ ቀይ ቺፖቹ ባሉበት ፊት 12ኛው፣ አረንጓዴ በብየዳው ፊት 12ኛው፣ ሰማያዊ ቺፖቹ ባሉበት 13ኛው ነው። ምስሉ የሚንከባለል ከሆነ ሲንኩ (ምስሉን በቦታው የሚያቆመው ምልክት) ነው፣ በብየዳው ፊት 13ኛው።

ስለ ቱቦው አንድ ነገር ይታሰብ። ባለብዙ ጨዋታ ቦርድ ሥራ ሲፈታ ዝርዝሩ የተጻፈበት ገጽ ላይ ቆሞ ይውላል። ያ የማይንቀሳቀስ ጽሑፍ በወራት ውስጥ ቱቦው ላይ ይታተማል፣ አይለቅም። ቦርዱ በቀጥታ አንድ ጨዋታ ላይ እንዲነሳ ማድረግ ከተቻለ አድርጉት፤ ካልተቻለ ጨዋታው ሲያልቅ ማሽኑን አጥፉ።

6. ድምፅና መጫወቻ

የስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች 10ኛው ጥርስ ላይ በሁለቱ ፊት ናቸው። የስፒከሩን ነጌቲቭ ከካቢኔው ግራውንድ ጋር አታገናኙ፤ የብዙ ቦርዶች ማጉያ በሁለቱም ሽቦ ላይ ምልክት ስለሚልክ ግራውንድ ሲነካው ሾርት ነው።

ጃማ በደረጃው ለአንድ ተጫዋች የሚሰጠው ሦስት ቁልፍ ነው። ተጨማሪ ቁልፍ ያላቸው ቦርዶች 25ኛውን፣ 26ኛውን፣ አንዳንዴም 27ኛውን ጥርስ ይወስዳሉ። 27 ግን በደረጃው ግራውንድ ስለሆነ የካቢኔው ሽቦ ቁልፉን ሁልጊዜ እንደተጫነ ያደርገዋል። ገጸ ባሕሪው በራሱ እየረገጠ ካስቸገረ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው ሽቦውን መቁረጥ አይደለም፤ በቦርዱና በሶኬቱ መካከል ማራዘሚያ አስገብታችሁ ማራዘሚያው ላይ ያንን መስመር ማቋረጥ ነው።

ፓክማንና ዶንኪ ኮንግ ባለ4 አቅጣጫ ጆይስቲክ ይፈልጋሉ። በባለ8 ስትጫወቱ ማዕዘን ላይ ሁለት ስዊች አንድ ላይ ስለሚነካ ፓክማኑ መታጠፊያውን ያልፋል። ቦርዱ አይወቀስ፤ የጆይስቲኩን የታችኛውን ሳህን ቀይሩ።

7. ባትሪ

ቦርዶችን ከምንም በላይ የሚገድለው ባትሪ ነው፤ ግን ሁሉም ባትሪ በአንድ ዓይነት አይታይም።

ኤምቪኤስ ማዘርቦርዶች ላይ የተበየደው በርሜል መሳዩ 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ከዘመኑ ጋር ያፈስሳል። ዛሬውኑ አውጡት። ቦርዱ ያለ ባትሪ ይሠራል፤ የሚጠፋው ማስተካከያውና የነጥብ መዝገቡ ነው። በቦታው ሲአር2032 ለማድረግ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቻርጅ የሚያደርገውን መስመር አቋርጡ፣ ወይም ወደ ባትሪው የሚመለሰውን የሚያግድ ዳዮድ አስገቡ፤ የማይሞላ ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ሊያብጥና ሊፈነዳ ይችላል። የዊሊያምስ ቦርዶች፣ እንደ ዲፌንደር ያሉት፣ ሦስት ተራ የኤኤ ድንጋይ ይይዛሉ፤ እነሱም አውጡ።

ሲፒኤስ-2 (1993) ግን ተቃራኒው ነው። እዚያ ባትሪው የሚጠብቀው ጨዋታውን የሚከፍተውን ቁልፍ ነው፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ቁልፉ ይጠፋል፣ ማሽኑም አንድ ቀለም ብቻ ያሳያል። አይነቀል። የሚተካው 3.6 ቮልት ግማሽ ኤኤ ሊቲየም፣ ኢአር14250 ነው። ሲቀየር ኃይሉ እንዳይቋረጥ አዲሱ አሮጌው ሳይነሳ በትይዩ ይያዝ፣ ከዚያ አሮጌው ይውጣ። ቁልፎቹ ከ2016 ጀምሮ ስለታወቁ የሞተ ቦርድ እንደገና ሊጻፍበት ይቻላል፤ ስለዚህ የሞተ ሲፒኤስ-2 ካላችሁ አትጣሉት።

የኒኬል ካድሚየምና የአልካላይን ፍሳሽ አሲድ አይደለም፣ ተቃራኒው ነው። የሚያመክነው ነጭ አቼቶ ነው። በጥርስ ብሩሽ ቀቡት፣ አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ፣ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡ፣ በአልኮል ጨርሱ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። አቼቶውን ሳታጥቡ ከተዋችሁት ራሱ መዳቡን መብላት ይጀምራል።

8. ዳታውን ቅዱ

ኤስዲ ወይም ሲኤፍ ካርድ ያለው ባለብዙ ጨዋታ ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በካርዱ ነው። በተገዛ ዕለት አውጥታችሁ ሙሉ ምስሉን (የካርዱን ዳታ ሁሉ እንዳለ የያዘ አንድ ፋይል)፣ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው፣ ኮምፒውተር ላይ ቅዱ። ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ ማድረግ አይበቃም፤ ማስነሻው ያለበት ክፍል በተራ መስኮት ውስጥ አይታይም። ኮምፒውተሩ «ካርዱ ፎርማት ይደረግ?» ካላችሁ እንቢ በሉ። ምስሉን በእኩል ወይም በሚበልጥ አዲስ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ማሽኑን በቅጂው አስነሱ፣ ኦሪጅናሉን አስቀምጡ። ቅጂው እምቢ ብሎ ኦሪጅናሉ የሚሠራ ከሆነ ቦርዱ የካርዱን መለያ ይፈትሻል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ካርዱን እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁት።

የኦሪጅናል ቦርድ ኢፕሮም ቺፖችን (ጨዋታው የተጻፈባቸውን) ደግሞ በቺፕ ማንበቢያ መሣሪያ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ሁለቱ ንባቦች ካልተመሳሰሉ እግሮቹን አጽድታችሁ ድገሙ። ሲመሳሰሉ ሲአርሲ32 ቁጥሩን (ከዳታው የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ሜይም በሚባለው የአርኬድ ኢሙሌሽን ፕሮግራም ውስጥ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩ። ቺፑ ላይ ያለውን ወረቀት አትላጡ፤ ሥሩ ያለው የመስታወት መስኮት ብርሃን ሲያገኘው ዳታው በጊዜ ብዛት ይጠፋል።

9. የወጣው ኦሪጅናል ቦርድ

ተራ ፌስታል ስታቲክ ስለሚፈጥር አይሆንም። ባትሪ የሌለው ቦርድ ብርማ የስታቲክ መከላከያ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ባትሪ ያለበትን ግን በዚያ ከረጢትም ሆነ በጥቁሩ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስፖንጅ ላይ አታሳርፉ፤ የብየዳውን ፊት ሁሉ በጥቂቱ አገናኝቶ ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ሲፒኤስ-2 በዚህ መንገድ በካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ሊሞት ይችላል። ለእሱ ሮዙ የፀረ-ስታቲክ ፕላስቲክ ከረጢት ይሻላል። ቦርዶችን እንደ መጽሐፍ አቁሙ፣ አትደራርቡ። ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ካርቶን ውስጥ ይቀመጡ፤ ካርቶኑ ወለል ላይ አይሁን።

ካቢኔው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ የዲፕ ስዊቾቹ አቀማመጥ፣ ቦርዱ ላይ የተነበበው ቮልትና ቀኑ፣ ባትሪ የተቀየረበት ቀን፣ ኦሪጅናል ቦርዱ የት እንዳለ፣ የትኛው ሽቦ በማራዘሚያ እንደተቋረጠ። በየስድስት ወሩ ቮልቱን ለክታችሁ ከቀድሞው በታች ጻፉ። ከ5.05 ወደ 4.95፣ ከዚያ ወደ 4.88 እየወረደ ከመጣ ሶኬቱ የሚጸዳበት ጊዜ ደርሷል።